1,144 ድል በትንሽ ኮሌጅ፦ ስለ ኸርብ ማጊና ስለ መሰሎቹ እናውራ

የሜዳ ዳር፦
ሰላም ቤተሰብ። እዚህ ስለ ኤንቢኤ ጠዋት ማታ እናወራለን። ዛሬ ስለ ትንንሽ ኮሌጅ አሰልጣኞች ማውራት አማረኝ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ኸርብ ማጊን የምታውቁት አላችሁ? ፊላደልፊያ ተወለደ፣ ፊላደልፊያ ተማረ፣ ዕድሜውን ሙሉ ፊላደልፊያ አሰለጠነ። ገና በልጅነቱ እናትና አባቱን አጥቷል። ያሳደገው የካቶሊክ ቄስ የሆነ አጎቱ ነው። በተጫዋችነቱ አስገራሚ ሹተር (ኳስ ወደ ቅርጫት ወርዋሪ) ነበር። በ1963 ቦስተን ሴልቲክስ በድራፍት (በኤንቢኤ የአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ) መርጦት ነበር፤ ጣቱ ላይ ጉዳት ደረሰበትና ሳይሆን ቀረ። ያኔ ወደ ተማረበት ኮሌጅ ተመልሶ ምክትል አሰልጣኝ ሆነ። በ1967 ዋናውን ቦታ ያዘ። ከዚያ እስከ 2022 ድረስ ከዚያ ወንበር አልተነሳም።

ኮሌጁ ሲጀምር የጨርቃ ጨርቅ ትምህርት ቤት ነበር። በ1999 ፊላደልፊያ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። በ2017 ከቶማስ ጄፈርሰን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተዋሃደ። ስሙ ሲቀያየር፣ ፕሬዚዳንቶች ሲመጡና ሲሄዱ፣ አሰልጣኙ ያው ማጊ ነው።

በ1970 ገና በሦስተኛ ዓመቱ ቴነሲ ስቴትን አሸንፎ የትንንሽ ኮሌጆችን ብሔራዊ ዋንጫ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ብሔራዊ ዋንጫ አልመጣም። ድሉ ግን ተከማቸ። በየካቲት 2010 የታዋቂውን የኮሌጅ አሰልጣኝ የቦብ ናይትን 902 ድል አለፈ። በ2011 ከዴኒስ ሮድማንና ከክሪስ ሙሊን ጋር በአንድ ዙር ሆል ኦፍ ፌም (የቅርጫት ኳስ የክብር መዝገብ) ገባ። ሲጨርስ 1,144 ላይ ነበር፤ ከኮች ኬ (የዱክ ዩኒቨርሲቲው ማይክ ሺሼቭስኪ) 1,202 ቀጥሎ መሆኑ ነው። ሹት በማስተማር ስሙ ስለገነነ የኤንቢኤ ተጫዋቾችም ወደሱ ይመጡ ነበር፤ ቻርልስ ባርክሊ አንዱ ነው።

እኔ የምለው ይሄን ነው። የትንሽ ኮሌጅ አሰልጣኝነት ራሱን የቻለ የዕድሜ ልክ ሙያ ነው። እኛ ግን ወደ ትልቁ መሸጋገሪያ አድርገን ስለምናየው ሰዎቹን ሳናውቃቸው ያልፋሉ። ምን ትላላችሁ?

ቁጥር አይዋሽም፦
ወንድሜ የሜዳ ዳር፣ ጽሑፍህን ወድጄዋለሁ። ግን የማጊን 1,144 ከኮች ኬ 1,202 ጎን ማስቀመጥ ልክ አይመስለኝም። ኮች ኬ ዱክ ውስጥ ሆኖ በየዓመቱ ከኖርዝ ካሮላይና ጋር ነበር የሚፋለመው። በኤንሲኤኤ (በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር) ትልልቆቹ ዲቪዚዮን 1፣ ትንንሾቹ ዲቪዚዮን 2 እና 3 ናቸው። ማጊ በነበረበት ዲቪዚዮን 2 ውስጥ አንድ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ያለው የ10 ተጫዋች ስኮላርሺፕ ነው፤ እሱንም ከፋፍሎ ነው የሚሰጠው። የተጫዋቹ ቁመትም ፍጥነትም ይለያል።

ደግሞ ጎበዝ የሆነ አሰልጣኝ ይፈለጋል፤ ከተፈለገ ይሄዳል። ቦ ራያንን ተመልከት። ዊስኮንሲን ፕላትቪል በምትባል የዲቪዚዮን 3 ትምህርት ቤት በ1991፣ በ1995፣ በ1998 እና በ1999 ብሔራዊ ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ ወደ ሚልዋኪ፣ በ2001 ደግሞ ወደ ዋናው ዊስኮንሲን ሄደ። በ2014 እና በ2015 እስከ ፋይናል ፎር (እስከ መጨረሻዎቹ አራት) ደረሰ። በ2015 ፍጻሜ ገብቶ በዱክ ተሸነፈ። ችሎታው ትልቅ መድረክ ላይ ተፈትኖ አለፈ ማለት ይሄ ነው።

ግሬግ ፖፖቪችስ? የኤንቢኤውን ሳን አንቶኒዮ ስፐርስን ከማሰልጠኑ በፊት ፖሞና ፒትዘር የሚባል የዲቪዚዮን 3 ቡድን ያሰለጥን ነበር። የመጀመሪያ ዓመቱ 2 ድልና 22 ሽንፈት ነው። ጭራሽ በካልቴክ ተሸነፈ፤ ካልቴክ ማለት የሳይንቲስቶች ትምህርት ቤት ነው፣ በሊጉ ለዓመታት አንድ ጨዋታ አሸንፎ አያውቅም ነበር። ፖፖቪች እዚያው ቢቀር ኖሮ ዛሬ ማን ስሙን ያነሳው ነበር?

የሜዳ ዳር፦
የመጨረሻው ጥያቄህ ራሱ ነው እኔን የሚያንገበግበኝ። ስም ያላነሳነው ሰውዬው ስላልሠራ ሳይሆን እኛ ስላላየን ነው።

ቦ ራያን ፕላትቪል 15 ዓመት ነው የቆየው። ሲለቅ 51 ዓመቱ ነበር። ዊስኮንሲን ላይ ያየነው ማጥቃት፣ ያ ሁሉም አምስቱ ተጫዋች ቦታ እየተቀያየረ የሚጫወተው፣ ፕላትቪል ውስጥ ተሠርቶ ያለቀ ነው። ትልቁ መድረክ አልሠራውም። ተሠርቶ ነው የሄደው።

ፖፖቪችም 2 ለ22 ብሎ ጀምሮ በ1986 ያንን ቡድን የሊጉ ሻምፒዮን አድርጎታል። ትምህርት ቤቱ ያንን ዋንጫ ካየ 68 ዓመት ሆኖት ነበር። ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ የተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ የኖረበት ጊዜ አለ። አምስት የኤንቢኤ ቀለበት ያለው ሰው እንዲህ ነው ሙያውን የተማረው።

የድሮ ተማሪ፦
ልጆች፣ ክርክራችሁ ደስ ይላል። ግን አንድ ነገር ዘለላችሁ። ‘ጎበዝ ከሆነ ይሄዳል’ የሚለው መሄድ ለተፈቀደለት ሰው ነው።

እኔ ኖርዝ ካሮላይና ነው የኖርኩት። እዚያ የቅርጫት ኳስ ወሬ ሲነሳ ክላረንስ ጌይንስ ሳይጠራ አይቀርም። ቢግ ሃውስ ይሉታል። በ1946 ዊንስተን ሴለም በሚገኘው የጥቁሮች መምህራን ኮሌጅ ዋና አሰልጣኝ ሆነ። ዋና አሰልጣኝ ስላችሁ የቅርጫት ኳስ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካን ፉትቦሉም የሱ ነው፣ የስፖርት ክፍሉ ኃላፊም እሱ ነው፣ የተጎዳ ተጫዋች የሚያሽም እሱ ነው፣ ትኬቱንም የሚያየው እሱ ነው። ክፍል ገብቶም ያስተምራል። በዘር መለያየት ዘመን የጥቁር ኮሌጅ በጀት ይሄ ነበር።

እስከ 1993 እዚያው ሠራ። 828 ጊዜ አሸነፈ። ጡረታ ሲወጣ በድል ብዛት ከፊቱ የነበረው የኬንታኪው አዶልፍ ራፕ ብቻ ነበር። በ1967 ከኮከብ ተጫዋቹ ከኧርል መንሮ ጋር 31 አሸንፎ አንድ ብቻ ተሸንፎ የኤንሲኤኤን የትንንሽ ኮሌጆች ዋንጫ ወሰደ። ኤንሲኤኤ የቅርጫት ኳስ ዋንጫ የወሰደ የመጀመሪያው የጥቁሮች ኮሌጅ ነው። መንሮ በዚያ ዓመት በአማካይ በጨዋታ 41.5 ነጥብ አስቆጥሯል። በማግስቱ ዓመት የኤንቢኤ ምርጥ ጀማሪ ተባለ።

እዚያው ከተማ ውስጥ ዌክ ፎረስት የሚባል ትልቅ የነጮች ትምህርት ቤት አለ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሁለቱ ትምህርት ቤት ልጆች በይፋ መጋጠም አይችሉም። ጌይንስ በር ዘግቶ ያጋጥማቸው ነበር። ኋላ በቴሌቪዥን ተንታኝነት የታወቀው ቢሊ ፓከር በዚያን ጊዜ የዌክ ፎረስት ልጅ ነበር፤ ወደ ጌይንስ ጂም እየመጣ ጨዋታ ያይ ነበር። እና ቁጥር አይዋሽም፣ ለጌይንስ ማን ነው ከዌክ ፎረስት ደውሎ ና አሰልጥንልን የሚለው?

ቁጥር አይዋሽም፦
ጋሼ፣ ስለ ጌይንስ የነገሩን ትልቅ ትምህርት ነው፤ ያንን ዘመን ከማጊ ዘመን ጋር አልቀላቅለውም። የኔ ጥያቄ ደረጃን የሚመለከት ነው። የትንሽ ኮሌጅ ቡድን ከትልቁ ጋር ቢጋጠም ምን ይሆናል? ፖፖቪች ራሱ በታኅሣሥ 1987 ፖሞናን ይዞ ካንሳስ ሄዶ 94 ለ38 ተሸንፏል። ልዩነቱ ይሄን ያህል ነው።

የድሮ ተማሪ፦
ልጄ፣ ልዩነት የለም አላልኩም። ግን ደረጃውን ማን አወጣው ብለህ ጠይቅ። ስለ ጆን ማክሌንደን ልንገርህ፤ ታሪኩ ረዘም ይላል።

ማክሌንደን ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሲማር ቅርጫት ኳስን የፈጠረው ጄምስ ኔይስሚዝ መምህሩ ነበር። ጨዋታውን ከፈጣሪው አፍ ተማረ። ለዩኒቨርሲቲው ቡድን መጫወት ግን ተከለከለ፤ ጥቁር ነዋ። በ1940 ደራም ከተማ በሚገኝ የጥቁሮች ኮሌጅ ዋና አሰልጣኝ ሆነ። ሌላው በቀስታ ኳስ እየተቀባበለ በሚጫወትበት ዘመን የሱ ልጆች ሪባውንድ (ከቅርጫቱ የተመለሰ ኳስ) እንደያዙ ወደፊት ይበራሉ። ዛሬ ፋስት ብሬክ የምንለው ጨዋታ በብዛት የሱ እጅ አለበት።

በ1944 እዚያው ደራም ውስጥ ያለው የዱክ ሕክምና ትምህርት ቤት ጠንካራ ቡድን ነበረው። ጦርነት ጊዜ ነው፤ ኮሌጅ የጨረሱ ጎበዝ ተጫዋቾች ሕክምና ሊማሩ እዚያ ተሰብስበዋል። የሁለቱ ትምህርት ቤት ልጆች በድብቅ ተነጋገሩና ለመጋጠም ተስማሙ። ጥቁርና ነጭ አብሮ መጫወት ሕግ መጣስ ነበር፤ ከዚያም አልፎ ሕይወት ያስከፍላል። ቀኑ እሑድ መጋቢት 12 ጠዋት እንዲሆን ተደረገ። ለምን እሑድ ጠዋት? ከተማው በሙሉ፣ ፖሊሱም ጭምር፣ ቤተ ክርስቲያን ነው። የዱክ ልጆች እንዳይከተሏቸው በመኪና ጠመዝማዛ መንገድ ዞረው መጡ። ሲወርዱ ኮታቸውን ፊታቸው ላይ ሸፍነው ሮጠው ገቡ። ጂሙ ተቆለፈ። ተመልካች አይገባም። አንዳንድ ተማሪ ውጭ በመስኮት ተንጠልጥሎ አየ።

መጀመሪያ ሁለቱም ወገን እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ የማክሌንደን ልጆች ሩጫቸውን ጀመሩ። 88 ለ44 አሸነፉ። አሁን ሌላው ነገር ይበልጥ ያስገርማል። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ትንሽ አረፉና እንደገና ተጫወቱ፤ አሁን ተቀላቅለው። ጥቁርና ነጭ በአንድ ቡድን። ከዚያም ማደሪያ ሄደው ቁጭ ብለው አወሩ። ሁሉም ምስጢሩን ጠበቀ። ታሪኩ በጋዜጣ የወጣው ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ማክሌንደን ኋላ በቴነሲ ከ1957 እስከ 1959 ሦስት ዓመት ተከታትሎ የኤንኤአይኤን (ሌላው የትንንሽ ኮሌጆች ማኅበር) ዋንጫ ወሰደ። በ1966 ክሊቭላንድ ስቴት ሲቀጥረው የነጮች በሚባል ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሰልጣኝ ሆነ። በሆል ኦፍ ፌም ሁለቴ ነው የገባው፤ በ1979 ለስፖርቱ ባደረገው አስተዋጽኦ፣ በ2016 ደግሞ በአሰልጣኝነቱ። የአሰልጣኝነቱን ክብር አላየም፤ በ1999 አርፏል። እኔን የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው።

አራት ኪሎ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልን። ይሄን ነገ ለልጆቼ አነብላቸዋለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነኝ፤ ከሰዓት በኋላ የቅርጫት ኳስ ቡድን አሰለጥናለሁ። ሜዳችን አስፋልት ነው። ኳስ አንሶ ልጅ ሞልቷል።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ግሪኔል የሚባል የአይዋ ኮሌጅ አለ፤ ዴቪድ አርሰኖ የሚባል አሰልጣኝ አምስቱን ተጫዋች በአንዴ አስወጥቶ አምስት አዲስ ያስገባ ነበር። ሜዳ ሙሉ ፕሬስ (ተጋጣሚን በሜዳው ሁሉ ማስጨነቅ)፣ ሦስት ነጥብ ብቻ። በኅዳር 2012 ጃክ ቴይለር የሚባል ልጅ በአንድ ጨዋታ 138 ነጥብ ያስቆጠረው እዚያ ነው። አንዳንዱ ይሄ አሰልጣኝነት አይደለም ይላል። እኔ ግን ብዙ ልጅ ስላለኝ ዓይኔን ጥዬበታለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ምክትል፦
ወንድሜ አራት ኪሎ፣ 138ቱን እርሳው። ልጁ 108 ጊዜ ነው የወረወረው፤ ያ የአንድ ምሽት ነገር ነው። ከአርሰኖ የሚወሰደው ሌላ ነው። እሱ ከመምጣቱ በፊት ግሪኔል ለብዙ ዓመታት ሲሸነፍ የኖረ ቡድን ነበር። ዲቪዚዮን 3 ስለሆነ በስኮላርሺፕ የታሰረ ልጅ የለም፤ ወንበር ላይ ሲቀመጥ የሰለቸው ትቶ ይሄዳል። ሁሉንም አስገብቶ ማጫወት ቡድኑን ማቆያ ዘዴ ነበር። አንተም 20 ልጅ ካለህ በአምስት አምስት ከፋፍላቸው። እያንዳንዱ ቡድን አጭር ደቂቃ በሙሉ ኃይሉ ይሩጥ። የሚቀጥለው ቆሞ ይጠብቅ። አንድም ልጅ ሳይጫወት ቤቱ አይሂድ። ግን መጀመሪያ ሌይአፕ (ቅርጫቱ ሥር ደርሶ ማስገባት) በሁለቱም እጅ ይልመዱ፤ ያለዚያ ሩጫ ብቻ ይሆናል።

ስለ ዋናው ጉዳይም ልጨምር። እኔ አሜሪካ ውስጥ በአንድ ትንሽ ኮሌጅ ምክትል ሆኜ ሠርቻለሁ። ሰው የሚያየው ጨዋታውን ነው። ሥራው ግን ሌላ ነው። ከሜዳ ውጭ ተጫውተን ሌሊት ስንመለስ ልጆቹ ወደ ማደሪያቸው ይገባሉ። ዋና አሰልጣኙና እኔ የማልያውን ከረጢት ጎትተን ምድር ቤት ወዳለው ማጠቢያ እንወርዳለን። ነጩን ከቀለሙ እንለያለን። ማሽኑ እስኪጨርስ እሱ ላፕቶፑን ከፍቶ የሚቀጥለውን ተጋጣሚ ቪዲዮ ይቆርጣል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደግሞ ክፍል አለው፤ ያስተምራል። ከሰዓት ልምምድ። ማታ ለመልመላ ስልክ መደወል። በትልቁ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ሁሉ ሰው ተቀጥሯል።

አሁን ደግሞ ትራንስፈር ፖርታል (ትምህርት ቤት መቀየር የሚፈልጉ ተጫዋቾች የሚመዘገቡበት) መጣ። ከ2021 ጀምሮ ተጫዋች ዓመት ሳይቀመጥ ወዲያው ሌላ ትምህርት ቤት መጫወት ይችላል። ማንም ያላየውን ልጅ ትንሹ ኮሌጅ ፈልጎ ያመጣዋል፣ ሁለት ዓመት ይሠራዋል፣ ከዚያ ትልቁ ይወስደዋል። ልጁን አልወቅስም፤ ትልቁ ጋ ገንዘብ ያገኛል። አሰልጣኙ ግን በየፀደዩ ከዜሮ ይጀምራል። ከእንግዲህ ማጊን የመሰለ ሰው መውጣቱን እጠራጠራለሁ።

ሰሜን ኮከብ፦
ከሚኒሶታ ነው የምጽፈው። ጎረቤታችን ደቡብ ዳኮታ ስለሆነ ዶን ማየርን ሳላነሳ አላልፍም። አበርዲን በምትባል ከተማ ኖርዘርን ስቴትን ያሰለጥን ነበር። ከዚያ በፊት ናሽቪል ውስጥ ሊፕስኮምን በ1986 የኤንኤአይኤ ሻምፒዮን አድርጓል።

ተጫዋቾቹን ሦስት ነገር ያስገድዳል። ሁሉም ማስታወሻ ይይዛል። ሁሉም እባክህና አመሰግናለሁ ይላል። ሁሉም የወደቀ ቆሻሻ ያነሳል። ኮከቡም፣ አዲሱም፣ አሰልጣኙ ራሱም።

በመስከረም 2008 ቡድኑን እየመራ መኪና ሲነዳ እንቅልፍ ወሰደውና ከእህል ጫኝ መኪና ጋር ተጋጨ። ግራ እግሩ ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ሐኪሞቹ ሕይወቱን ለማትረፍ ቀዶ ሕክምና ሲያደርጉለት ካንሰር አገኙበት። አደጋው ባይደርስ ካንሰሩ በጊዜ አይታወቅም ነበር። በዚያው የውድድር ዘመን በተሽከርካሪ ወንበር ተመልሶ አሰለጠነ። በጥር 2009 የቦብ ናይትን 902 አለፈ። በ2010 ሲያቆም 923 ነበር። በ2014 አረፈ።

ቁጥር አይዋሽም፣ እኔም ቁጥር እወዳለሁ። ግን እግሩን አጥቶ ወደዚያ ጂም የተመለሰው ትልቅ ኮንትራት ይጠብቀው ስለነበር አይደለም።

ቁጥር አይዋሽም፦
ማየርን በደንብ አውቀዋለሁ፤ ትልቅ ሰው ነበር። አቋሜ አልተለወጠም። ዝርዝሩ ሁለት ይሁን፤ የዲቪዚዮን 1 ለብቻ፣ የትንንሾቹ ለብቻ። ያኔ ማጊ በራሱ ዝርዝር አናት ላይ ቁጭ ይላል እንጂ የኮች ኬ ተከታይ አይባልም። ለሱም ይሄ የሚሻል ይመስለኛል።

የሜዳ ዳር፦
በዚህ እስማማለሁ። በራሱ ዝርዝር አናት ላይ ካስቀመጥከው እኔ የምፈልገውን አድርገሃል።

የሁለት ልጆች እናት፦
ጤና ይስጥልኝ። ዘወትር አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ልጄ ሃይስኩል ሊጨርስ ነው። አንድ የዲቪዚዮን 3 ኮሌጅ አሰልጣኝ ደጋግሞ ይደውልለታል። ጨዋታውንም መጥቶ አይቷል። ግን የቅርጫት ኳስ ስኮላርሺፕ የለንም አለን። አባቱ ‘ቢፈልጉት ይከፍሉለት ነበር’ ይላል። እናንተ ታውቃላችሁና እባካችሁ ንገሩኝ። ሰውዬው እውነቱን ነው?

ምክትል፦
እህቴ፣ እውነቱን ነው። ዲቪዚዮን 3 በሙሉ በስፖርት ስኮላርሺፕ መስጠት በኤንሲኤኤ ደንብ የተከለከለ ነው። ‘እሰጣለሁ’ ቢልሽ ነበር መፍራት የነበረብሽ። ገንዘቡ የሚመጣው በሌላ መንገድ ነው፤ በቤተሰብ ገቢ ላይ በተመሠረተ ድጋፍና በትምህርት ውጤቱ። ስለዚህ ፋፍሳውን (የመንግሥት የተማሪ ድጋፍ ማመልከቻ ቅጹን) ቀድማችሁ ሙሉ። ከዚያ የኮሌጁን የፋይናንስ ቢሮ የተጣራ ወጪያችሁን በጽሑፍ ጠይቁ። የደብዳቤው የመጨረሻ መስመር ላይ ከኪሳችሁ የሚወጣው ስንት እንደሆነ ሳታዩ ምንም አትወስኑ።

አሰልጣኙ መንዳቱ፣ ጨዋታ ማየቱ፣ ደጋግሞ መደወሉ ቀላል አይደለም። ትንሽ ኮሌጅ የጉዞ በጀቱ ጠባብ ነው። ካልፈለገው ቨርጂኒያ ድረስ አይመጣም። ግን ይሄን ጠይቁት፦ በልጄ ቦታ የሚጫወቱ ስንት ልጆች አሉህ? ዘንድሮስ ስንት ትመለምላለህ? አንዳንድ ቦታ ብዙ ልጅ ሰብስበው ግማሹን ልምምድ ላይ ብቻ ያቆዩታል።

የድሮ ተማሪ፦
ልጄ፣ እኔም አንድ ልጨምር። እዚያ ስንት ዓመት እንደቆየ ጠይቁት። ከሱ ጋር አራት ዓመት ከተጫወቱት ስንቱ ዲግሪያቸውን እንደያዙም ጠይቁ። ዕድሜውን እዚያ የሰጠ አሰልጣኝ ይሄን በስም በስማቸው ይነግራችኋል፤ ማን ሐኪም እንደሆነ፣ ማን መምህር እንደሆነ።

የሁለት ልጆች እናት፦
እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ለአባቱ አሁኑኑ አነበብኩለት። ልጄ ኢንጂነሪንግ ነው የሚፈልገው። ላብራቶሪና ልምምድ በአንድ ሰዓት ቢውልስ? ደግሞ እኔ ብደውልለት ይሻላል ወይስ አባቱ?

ምክትል፦
ላብራቶሪው ይቀድማል። አሰልጣኙ ‘ከልምምድ በፊት ክፍል’ ካለ ጥሩ፤ ካመነታ ግን ሌላ ኮሌጅ ፈልጉ። ስልኩን ደግሞ አንቺም አባቱም አትደውሉ። ልጁ ራሱ ይደውል፣ ጥያቄውን ጽፎ ይያዝ። አሰልጣኙ እሱንም ያያል። የፋይናንሱን ጥያቄ ግን አንቺ ያዢው፤ እሱ ከቢሮው ጋር ነው።